ዕጣኑ ከማን እጅ መጣ?

ዕጣን የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። ካህኑ በማዕጠንት ይዞ መቅደሱን ሲዞር ጢሱ ወደ ላይ ይወጣል፤ የቤት እመቤትም ቡና ስታፈላ በፍም ላይ ጥቂት ጣል ታደርጋለች። የሚገዛውም ሰው በገበያ ቆሞ በጣቱ እያገላበጠ ንጣቱን ያያል፥ ሽታውን ይመረምራል፥ ስለ ዋጋውም ይከራከራል። ይህ ሁሉ የተገባ ነው። ነገር ግን ‹‹ይህን ከዛፍ ላይ የለቀመው ሰው ማን ነው? የድካሙንስ ዋጋ አግኝቷልን?›› ብሎ ሲጠይቅ የሰማሁት ገዢ የለም፤ እኔም ራሴ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ዛሬ ለአንባቢዎቼ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውን ዕቃ፥ በዐይኑ ያላየው ሠራተኛ በምን አኳኋን እንደ ሠራው የማወቅ ግዴታ አለበትን? አለበት ከተባለስ ግዴታው እስከ የት ይደርሳል?

ነገሩን በአየር ላይ እንዳናንጠለጥለው ስፍራ እንስጠው። ዝቋላ ስል የብዙ ሰው ልብ በቢሾፍቱ አጠገብ ወዳለው ወደ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ተራራ እንደሚሄድ ዐውቃለሁ። እኔ የምናገረው ግን በዋግ ኽምራ ስላለው፥ ዋና ከተማው ፅፅቃ ስለ ሆነው ዝቋላ ነው። ከሰቆጣ ከፍታ ወደ ተከዜ ሲወርዱ አየሩ እየሞቀ፥ እህሉም እየሳሳ ይሄዳል። የቆላው ሰው ኑሮ በፍየሉ፥ በቀፎውና በጥቂት እርሻው ነው። ጦርነት በ2013ና በ2014 ዓ.ም. በዋግ ላይ አልፏል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በዝቋላ፥ በሳህላና በአበርገሌ የወደቀው ድርቅ የብዙ ሰው ከብት ፈጅቷል። እንግዲህ እህልና ከብት ባነሰበት አገር፥ በገደሉና በድንጋዩ መካከል የበቀለው የዕጣን ዛፍ ለድኻ ምን ያህል ተስፋ እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም።

ሥራው እንዲህ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ዛፉ ቅጠሉን ሲያራግፍ ሠራተኛው ስለታም መሣሪያ ይዞ ይወጣል። እንደ ወረቀት የሚላጠውን ቅርፊት በጥቂቱ ይፍቀዋል፤ ከቁስሉም ወተት የመሰለ ነገር ይወጣና በፀሐይ ይደርቃል። ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ የደረቀውን ይለቅማል፥ ያንኑም ቁስል ያሰፋዋል። እንዲህ እየተመላለሰ ዝናም እስኪቃረብ ድረስ ብዙ ጊዜ ያደማዋል። ዛፉ የሚወደው ዳገቱንና ገደሉን ነውና ለቃሚውም የሚውለው በዚያው ነው፤ ውሃ ሩቅ ነው፥ ፀሐዩ ጽኑ ነው። ዋጋውም እንደ ቀኑ ድካም ሳይሆን እንደ ለቀመው ክብደት ይቈረጥለታል።

ከዚህ በኋላ ዕጣኑ መንገድ ይጀምራል። ከለቃሚው ወደ ማኅበር ወይም ጫካውን በፈቃድ ወደ ያዘ ድርጅት፥ ከዚያ ወደ ነጋዴ፥ ከነጋዴው ወደ መጋዘን ይገባል። በመጋዘን ውስጥ የሚበዙት ሴቶች ናቸው፤ ተቀምጠው ቅርፊቱን ከዕጣኑ ይለያሉ፥ በትልቅነቱና በንጣቱም ይመድቡታል። ከዚያ ወደ ዐረብ አገር፥ ወደ ቻይና፥ ወደ አውሮፓም ይሄዳል፤ እዚያም ሽቶና ቅባት ይሆናል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ እያንዳንዱ የሚያውቀው ከእርሱ በፊት ያለውን አንዱን ብቻ ነው። ለሽቶ ቤቱ ዕጣኑ የሚጀምረው ከላኪው ነጋዴ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጨለማ ነው።

ታዲያ ያ ባለ ሽቶ ቤት ‹‹እኔ አላየሁም፥ አልሰማሁምም›› ቢል ይጸድቃልን? እዚህ ላይ ሁለት ዐይነት አለማወቅ እንዳለ መለየት ይገባል። አንደኛው ለማወቅ ደክሞ ያልቻለ ሰው አለማወቅ ነው፤ እርሱን ማንም አይወቅሰውም። ሁለተኛው ግን ከአለማወቁ የሚጠቀም ሰው አለማወቅ ነው። ዕጣኑ የረከሰለት ለምን እንደ ሆነ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅ መልሱ ዋጋውን ያስወድድበታልና። ይህ አለማወቅ ሳይሆን ዐይንን መጨፈን ነው፤ ዐይኑን ጨፍኖ የሚሄድ ሰውም ስለ ረገጠው ነገር ይጠየቃል።

ይህን ጥያቄ ፈረንጅ ያመጣው አዲስ ነገር አድርጎ የሚቈጥር አንባቢ ቢኖር፥ የአባቶቻችንን ገበያ ያስታውስ። ብልህ ሰው ከማያውቀው ሰው በሬ ወይም በቅሎ ሲገዛ ‹‹ዋስ ጥራ›› ይላል። ሻጩ ዋስ ካጣ ከብቱ ምንም ቢያምር፥ ዋጋውም ምንም ቢረክስ አይገዛውም፤ እንዲያውም መርከሱ ራሱ ያስጠረጥረዋል። እንግዲህ የሰው በሬ ተሰርቆ እንዳይሆን የምንጠይቅ ሰዎች፥ የሰው ላብ ተሰርቆ እንዳይሆን ለምን አንጠይቅም?

በዚህ ላይ ግን አንድ ብርቱ መልስ ሊሰጠኝ እንደሚችል ዐውቃለሁ። የበሬው ገዢ ዋስ የሚጠራው ስለ ጽድቅ አይደለም፥ ስለ ራሱ ነው። በሬው የተሰረቀ እንደ ሆነ ባለቤቱ ፈልጎ ያገኘዋል፤ በዳኛ ፊት አቁሞም ከብቱን ይወስድበታል። የዝቋላው ለቃሚ ግን የተጐደለበትን ሒሳብ ይዞ ወደ ሽቶ ቤቱ ደጃፍ ሊመጣ አይችልም። መንገዱን አያውቅም፥ ቋንቋውን አይናገርም፥ የሽቶ ቤቱንም ስም ሰምቶ አያውቅም። መልሱ እውነት ነው፤ ጥያቄያችንም የሚከብደው ስለዚሁ ነው። የሚያስፈራ ባለቤት በሌለበት የሚጠይቅ ሰው ከየት ይገኛል?

የዓለም መንግሥታት በእነዚህ ዓመታት ያወጧቸው ሕጎች ለለቃሚው ያንን ደጃፍ ለመሥራት የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው። በሰኔ 2003 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት ፕሮፌሰር ጆን ረጊ ያዘጋጁትን 31 የመምሪያ ሐሳቦች ተቀበለ። በእነዚያም መንግሥት የሰውን መብት እንዲጠብቅ፥ ኩባንያ እንዲያከብር፥ የተበደለም ካሣ እንዲያገኝ ተጻፈ። ኩባንያውም ‹‹አላውቅም›› ከማለት ይልቅ በንግዱ መንገድ ሁሉ ላይ በሰው ላይ የሚደርሰውን ጕዳት አስቀድሞ እንዲመረምር፥ እንዲያቆም፥ ያደረገውንም እንዲናገር ይጠበቅበታል። ይህ ምክር እንጂ ትእዛዝ አልነበረም። ፈረንሳይ በ2009 ዓ.ም. ሕግ አደረገችው፤ የጀርመንም ሕግ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ መጀመሪያ 3,000፥ በዓመቱም 1,000 ሠራተኛ ያላቸውን ኩባንያዎች ያዘ። የአውሮፓ ኅብረት በሰኔ 2016 ዓ.ም. ለአባሎቹ ሁሉ የሚሆን መመሪያ አወጣ፤ ዓመት ሳይሞላውም በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የሚፈጸምበትን ቀን አራዘመው። ምክንያቱ የነጋዴዎች ወጪ እንዳይበዛ ነው ተባለ። የለቃሚው ወጪ በዚያ ክርክር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ተነሣ ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ሕጉ መኖሩ መልካም ነው እላለሁ፤ ነገር ግን ሕጉ ሲሠራበት እንዴት ሊጣመም እንደሚችል ማየት ያሻል። ታላቁ ኩባንያ ለላኪው ነጋዴ ‹‹በሥራህ ውስጥ በደል እንደሌለ ፈርም›› ብሎ ወረቀት ይልካል፤ ላኪው ይፈርምና ሌላ ወረቀት ለማኅበሩ ይልካል፤ ማኅበሩም ይፈርማል። ወረቀቱ እስከ ቆላ ይወርዳል፥ ገንዘቡ ግን ከላይ ይቀራል። በደል በተገኘ ጊዜም ጥፋተኛው መጨረሻ የፈረመው ድኻ ይሆናል። እንዲህ ያለው ነገር ጥንቃቄ አይባልም፤ ኀጢአትን በሌላው ትከሻ ላይ ማሳደር ነው።

ወረቀት ሰውን እንደማያድን የታየበትን ቀን እኛ ኢትዮጵያውያን በቀላሉ ልናስታውሰው እንችላለን፤ የ2005 ዓ.ም. የዕንቁጣጣሽ ዕለት ነበርና። በዚያ ቀን በፓኪስታን አገር በካራቺ ከተማ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የሚባል የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ይህ ፋብሪካ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቀደም ብሎ ተመርምሮ መልካም ነው የሚል ምስክር ወረቀት ተቀብሎ ነበር። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ደግሞ በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ፈርሶ ከ1,100 በላይ ሠራተኞች አለቁ፤ በዚያም ውስጥ ከነበሩት ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ በመርማሪ የታዩ ነበሩ። መርማሪው መጥቶ ነበር፤ ያየው ግን ያሳዩትን ብቻ ነው።

እንግዲህ አንድ መርማሪ ለዕጣን ጕዳይ ወደ ዝቋላ መጣ እንበል። የሚመጣው መኪና በሚገባበትና ለእርሱ በሚመቸው ወራት ነው፤ ለቃሚው በገደል ላይ በሚውልበት ጊዜ ሳይሆን፥ ሥራው አልቆ ሁሉም ወደ ቤቱ በገባበት ጊዜ ይሆናል። ለቃሚውን ጠርተው በማኅበሩ ቢሮ ያስቀምጡታል። የአፍ መፍቻው ኽምጣና ነው፤ ጥያቄው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፥ ከአማርኛ ወደ ኽምጣና ይተረጐማል። አስተርጓሚው የማኅበሩ ጸሐፊ ነው። የሥራው አለቃም በበሩ አጠገብ ቆሟል። ‹‹በፈቃድህ ትሠራለህን? ክፍያህንስ በጊዜው ታገኛለህን?›› ይሉታል። ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን›› ይላል። መርማሪው ‹‹አዎን›› ብሎ ይጽፋል። በዚያች ክፍል ውስጥ የዋሸ ሰው የለም፤ እውነትም አልተነገረም።

ኩባንያዎችን በዚህ ሥራ እንረዳለን የሚሉ የአገራችን ሰዎች፥ አስተርጓሚዎችም ቢሆኑ ጠበቆችም ቢሆኑ ተመራማሪዎችም ቢሆኑ፥ ፈተናቸው ከዚህ ይጀምራል። ደመወዛቸውን የሚከፍለው ኩባንያው ነው፤ ባለ ጕዳዩ ግን ለቃሚው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከደመወዙ ይልቅ ለእውነት ማድላት የሚችለው ሥራውን ከመያዙ በፊት ስለ ሁኔታው የተዋዋለ እንደ ሆነ ነው። ለቃሚውን አለቃው በሌለበት፥ በራሱ ቋንቋ፥ በሥራው ወራት ያነጋግረው። የሚመዘንበትን ሚዛን ራሱ ይመዝነው። ከሥራው በፊት በብድር የወሰደው እህል በስንት እንደ ተቈጠረበት ይጠይቅ፤ ሰው በሰንሰለት ሳይታሰር በዕዳ ሊታሰር ይችላልና። በመጋዘን የተቀመጡትንም ሴቶች አይርሳቸው፤ እነርሱ በከተማ ስላሉ የታዩ ይመስላሉ እንጂ ከቆላው ሰው ይልቅ የተሰወሩ ናቸው። ይህንኑ ጥያቄ በየዓመቱ ከዋግ ወደ ሑመራና ወደ መተማ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ስለሚወርዱት ጕልማሶችም ማንሣት ይቻላል፤ እርሱ ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

በደል ቢገኝስ ምን ይደረግ? ንጉሥ ዳዊት በጦርነት ሳለ ከቤተ ልሔም ጕድጓድ ውሃ ቢመኝ ሦስት ኀያላን የጠላትን ሰፈር ጥሰው ቀድተው አመጡለት። እርሱ ግን በሰዎቹ ሕይወት የተገዛ ነው ብሎ ሊጠጣው አልወደደም፥ አፈሰሰው። ውሃው በምን ዋጋ እንደ መጣ ያሰበ ንጉሥ ነውና ሁልጊዜ አደንቀዋለሁ። ነገር ግን ሦስቱ ኀያላን በውሃው ሽያጭ የሚያድሩ አልነበሩም። የአውሮፓው ሽቶ ቤት ‹‹እጄን ታጠብሁ›› ብሎ የዝቋላን ዕጣን ቢያፈስሰው ግን የለቃሚው ልጆች ይራባሉ።

ይህን በአዋሳ አይተነዋል። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በተከፈተው የኢንዱስትሪ መናኸሪያ ብዙ ወጣት ሴቶች ልብስ ይሰፉ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር እንደ ነበረ ገለጠ፤ በዚያው ዓመት የወጣውም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 የደመወዝን ወለል የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም አሰበ እንጂ ወለሉን ራሱ አልቈረጠም። ከዚህ በኋላ አሜሪካ በጦርነቱ ስለ ተፈጸመው የመብት ጥሰት ብላ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ያለ ቀረጥ የመግባቱን ዕድል ከኢትዮጵያ ነሣች፤ ፒቪኤች የተባለውም ታላቅ ኩባንያ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ሥራውን ዘግቶ ወጥቶ ነበር። ጦርነቱን ያልጀመሩት ልጃገረዶች ሥራቸውን አጡ። ስለዚህ ጥሎ መሄድ የመጨረሻው ነገር እንጂ የመጀመሪያው ሊሆን አይገባም፤ ሲሄዱም የሚቀረውን ሰው ዕጣ አስቦ መሄድ ይገባል።

ሳይሄድ ማድረግ የሚችለውም የታወቀ ነው፤ ዋጋውን ይመርምር። ስለ ለቃሚው ሁኔታ ሺህ ጥያቄ የሚጽፍ ኩባንያ አብዛኛውን ጊዜ ለራሱ አንዱን ጥያቄ አይጽፍም፤ ‹‹እኔ በምከፍለው ዋጋ በመንገዱ ላይ ያሉት ሁሉ ድርሻቸውን ወስደው ለመጀመሪያው ሰው የሚተርፈው ምን ያህል ነው?›› ይህ ካልተጠየቀ ለቃሚው ስለ ችግሩ የሚሰጠው ትምህርት ሁሉ ቀባሪውን ማርዳት ነው።

የዋጋው ነገር ከሰውም አልፎ ዛፉን ይገድለዋል። በክብደት የሚከፈለው ድኻ ዋጋው ባነሰ ቍጥር ብዙ መልቀም አለበትና ቁስሉን ያበዛል፥ ሊያርፍ የሚገባውን ዛፍ ሳያሳርፍ ያደማዋል። እጅግ የደማ ዛፍ ዘሩ ይደክማል፤ የበቀለውንም ቡቃያ ከብትና እሳት ይጨርሰዋል። በ2011 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት ከተመለከታቸው የዕጣን ጫካዎች ከመቶ 75 በላይ በሚሆኑት ታዳጊ ዛፍ እንዳልተገኘ ገልጦ፥ ነገሩ እንዲህ ከቀጠለ በ20 ዓመት ውስጥ የዕጣኑ ምርት በግማሽ እንደሚቀንስ ተንብዮአል። በዚያን ጊዜ የሚያዝነው ሽቶ ቤቱ ብቻ አይሆንም፤ ማዕጠንቱም ባዶ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ስለ ኩባንያ ስናገር ቆየሁ እንጂ እኛም ገዢዎች ነን። በየአጥቢያው የሚታጠነው ዕጣን ቢደመር ጥቂት አይሆንም፤ የሚገዛውም በምእመናን ገንዘብ ነው። በሚመጣው ቅዳሜ የአንዱ አጥቢያ መጋቢ በሰቆጣ ወይም በመርካቶ ገበያ ቆሞ ‹‹ይህ ከየት መጣ?›› ብሎ ቢጠይቅ ሻጩ ‹‹ከቆላ›› ይለዋል። ‹‹ከየትኛው ቆላ? ማንስ ለቀመው?›› ቢለው ይሥቅበት ይሆናል፤ ምናልባትም የሸጠለትን ነጋዴ ስም ይነግረዋል። ያም ነጋዴ ቢጠየቅ የሌላ ስም ይጠራል። አራት ወይም አምስት ስም ያህል ከሄደ በኋላ መጋቢው ፅፅቃ ይደርሳል።