ሰው ባይሞትስ ኖሮ?

የሄንሪ ሩግስ እንጀራ ፍጥነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ከኮሌጅ የሚመጡ ወጣቶችን በሚፈትንበት መድረክ ላይ 40 ያርድ፣ ማለትም 36 ሜትር ተኩል ያህል፣ በ4.27 ሰከንድ ሮጦ የዓመቱ ፈጣን ተባለ። ላስ ቬጋስ ሬይደርስም በ12ኛ ምርጫ ወሰደው። በ2021 ኖቬምበር 2፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሞላ ሲል፣ በዚያችው ከተማ ሬይንቦ በሚባለው ጎዳና ላይ ኮርቬቱን በሰዓት እስከ 251 ኪሎ ሜትር ነዳት። የመንገዱ ወሰን 72 ነው። በ4.27 ሰከንድ ሮጦ ስም ያተረፈበትን ርቀት መኪናዋ በግማሽ ሰከንድ ትጨርሰዋለች። ከፊቱ የነበረችውን ቶዮታ ከኋላ ገጫት፤ ቶዮታዋ በእሳት ተያያዘች፤ ውስጧ የነበረች የ23 ዓመት ወጣት ከነውሻዋ ሞተች። ሩግስ ያኔ 22 ዓመቱ ነበር። ደሙ ውስጥ የተገኘው አልኮል 0.161 በመቶ ነው፤ ሕጉ የሚታገሰው 0.08 ድረስ ነው። ክለቡ ቀኑ ሳያልፍ አሰናበተው።

ክርክሩ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ። ጠበቆቹ ፖሊስ ደሙን ያስቀዳበት ትእዛዝ በቂ ምክንያት አልነበረውም አሉ፤ ዐቃቤ ሕግም ያ ማስረጃ ቢወድቅ ምን በእጄ ይቀራል የሚል ስጋት ነበረበት። በመጨረሻ በ2023 ተስማሙ። ሩግስ ጠጥቶ በመንዳት ሰው መግደሉን አመነ፤ ኦገስት ላይ ከ3 እስከ 10 ዓመት ተፈረደበት። ሦስቱን ዓመት ሳይጨርስ ስለ አመክሮ ማንሳት አይችልም።

ቅጣቱ አነሰ ወይስ በዛ የሚለው ክርክር ያኔም ነበር፣ አሁንም አለ። እኔን የሚከነክነኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ጥያቄ ነው። ያን ሌሊት መንገዱ ባዶ ቢሆን ኖሮስ? በወቅቱ በነበረው የኔቫዳ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጥቶ ሲነዳ የተያዘ ሰው፣ ማንንም ካልጎዳ፣ ቢከፋ የ6 ወር እስርና የ1,000 ዶላር መቀጮ ነው የሚጠብቀው፤ ቢቀልለት ሁለት ቀን ታስሮ ይወጣል። ሰው ከሞተ ቅጣቱ ከ2 እስከ 20 ዓመት ነበር። ሹፌሩ ግን ያው ሹፌር ነው። የጠጣው ያው፣ የረገጠው ነዳጅ ያው፣ ቁልፉን ሲያነሳ በልቡ የነበረው ወይም ያልነበረው ያው። የተለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ሌላ ሰው እዚያ መኖሩ። ያን ደግሞ ሹፌሩ አልወሰነም።

በ1976 ሁለት ፈላስፎች፣ እንግሊዛዊው በርናርድ ዊሊያምስና አሜሪካዊው ቶማስ ኔግል፣ ይህንኑ እንቆቅልሽ በአንድ መድረክ ላይ አነሱት። የኔግል ምሳሌ ጠጥቶ እግረኛ መንገድ ላይ የወጣ ሹፌር ነው፤ እዚያ ሰው ካለ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል፣ ከሌለ ግን ግዴለሽ ብቻ ነው። ሰው የሚጠየቀው በእጁ ባለው ነገር ብቻ ነው እንላለን፤ ፍርዳችንን ስንሰጥ ግን በእጁ ያልነበረውን ሁሉ ጨምረን እንመዝንበታለን። ኔግል ለዚህ መፍትሔ አለኝ አላለም። ደግ አደረገ፤ ከቀላል መልስ ያድናል።

እኛ ዘንድ ነገሩ በየሰኞ ጠዋቱ ይታያል። ቅዳሜ ማታ ሞቅ ብሎት ከቦሌ እስከ ሰሚት እንዴት እንደነዳ የማያስታውስ ሰው ሰኞ ለጓደኞቹ ሲያወራ «እግዜር ነው ያወጣኝ» ይላል። ጓደኞቹም «ተመስገን ነው» ይላሉ፤ ይሳቃል፤ ቡና ይታዘዛል። ማምለጡ ጥፋቱን ወደ ተአምር ለውጦለታል፤ ንስሐ መግባት የነበረበት ሰው ስለት ያስገባል። ያው ሰው በዚያው መንገድ አንድ ልጅ ገጭቶ ቢሆን ኖሮ እነዚያው ጓደኞቹ ስሙን ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር የሚያነሱት። እኛም ከኔቫዳ ሕግ ብዙ የተለየን አይደለንም።

ለዚህ ልማዳችን ጥሩ መከላከያ ያቀረበው አዳም ስሚዝ ነው። በ1759 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ ሰው በውጤት መፍረዱ ልክ እንዳልሆነ ካመነ በኋላ፣ እንዲህ መሆኑ ግን ይጠቅመናል አለ። ሕግ በሐሳብና በዝንባሌ መቅጣት ቢጀምር እያንዳንዱ ልብ ችሎት ይሆናል፤ ማንም ከመርማሪ አያመልጥም። ብርቱ ነገር ነው፤ ሐሳባቸው ተመርምሮ የታሰሩ ሰዎችን የምናውቅ ሰዎች አናቃልለውም። ይሁንና መንዳት ሐሳብ አይደለም። የሩግስን ፍጥነት የተናገረው ምስክር ወይም ነፍስ አባት ሳይሆን የመኪናዋ የራሷ መመዝገቢያ ነው። ስሚዝ በዘመኑ ያልነበረውን መሣሪያ አላሰበም፤ ዛሬ ማንም ሳይሞት የሆነውን በኪሎ ሜትር ቆጥሮ ማወቅ ይቻላል።

ታዲያ ውጤት ምንም አይቆጠርም ማለት ነው? አይደለም። ዊሊያምስ የሚያነሳው ሹፌር ምንም አላጠፋም፤ በሥርዓት ሲነዳ ሕፃን ድንገት ገብታበት ገደላት። ከጎኑ የቆመ መንገደኛም ያዝናል፤ የሹፌሩ ሐዘን ግን የተለየ ነው፤ የተለየ ባይሆን ኖሮ ራሱ እናፍርበት ነበር። ኦሪት ዘዳግም ይህን ቀድሞ ያውቀዋል። እንጨት ሊቆርጥ ወደ ዱር የወጣ ሰው የምሳሩ ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድልበት ወደ መማጸኛ ከተማ ይሸሻል። ደም ተበቃዩ አያገኘውም፤ ኦሪት ዘኍልቍ እንደሚለው ግን ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ወደ አገሩ አይመለስም። ንጹሕ ነው፣ ነፃ ግን አይደለም። የገደለው እጁ ነውና ዕዳ አለበት።

እኔ የምለው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ዕዳ አለ። አንደኛው የሟች ነው፤ ውጤቱን ተከትሎ ይመጣል፣ ጥፋት ባይኖርም ይመጣል። ሁለተኛው የመንገዱ ነው፤ በዚያ ሰዓት በዚያ ጎዳና ሊያልፍ ይችል የነበረ ሰው ሁሉ ዕዳ ነው፤ ማንም ባይሞትም አይሰረዝም። ፍርድ ቤቶች ሁለቱን በአንድ ገንዘብ፣ በእስር ዓመት፣ ሊከፍሏቸው ስለሚሞክሩ ሒሳቡ አንዴም ቀንቶ አያውቅም።

የኢትዮጵያ ሕግ ቢያንስ የመለያያ መስመሩን አስምሮታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ካሳ ይክፈል ይላል፤ ይህ የሟች ዕዳ ነው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 543 ደግሞ በቸልተኝነት የገደለን ሰው በወራት ሊለቀው ይችላል፤ ደንብ መሆኑን እያወቀ የጣሰውን ወይም ራሱን በመጠጥ ያሳተውን ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣዋል። ክብደቱን የወሰነው የሬሳው መኖር ሳይሆን የሰውዬው አነዳድ ነው። ለዚያም ቢሆን ሕጉ ሬሳ እስኪገኝ ይጠብቃል።

ሹፌሩ ታዋቂ ስፖርተኛ ሲሆን ደግሞ ገንዘብና ስም ይገባሉ። በ2009 ማርች የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ዶንቴ ስታልዎርዝ ማያሚ ላይ በቤንትሌ መኪናው የ59 ዓመት ሠራተኛ ገድሎ ጥፋቱን አመነ። ሲጠጣ አድሮ ነበር፤ ሟቹም በማይሻገሩበት ቦታ እየተሻገሩ ነበር። ስታልዎርዝ ስልክ ደውሎ ፖሊስ እስኪመጣ ቆሟል፣ ይህ ሊመሰገንለት ይገባል። የፍሎሪዳ ሕግ እስከ 15 ዓመት ይፈቅዳል። የተፈረደበት 30 ቀን፣ የታሰረው 24 ቀን ነው፤ ሁለት ዓመት የቁም እስር ተጨመረበት፤ ከሟቹ ቤተሰብ ጋርም መጠኑ ባልተገለጸ ገንዘብ ተስማማ። ሊጉ ደግሞ የዓመቱን ጨዋታ በሙሉ ያለ ደመወዝ አገደው። ሊጉ ከፍርድ ቤቱ የከበደበት ጊዜ ነበር ማለት ነው።

ካሳ ነውር አይደለም። በእኛ አገር ሹፌር ሰው ገጭቶ ሲገድል ከፖሊስ ጣቢያው ጎን ለጎን ሌላ ጉዳይ ይጀመራል፤ ሽማግሌ ይላካል፣ የሟች ቤተሰብ ደጅ ይጠናል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ እርቁ በወረቀት ሰፍሮ ችሎት ይቀርባል፤ ዳኛውም በማቅለያ ሊይዘው ይችላል። ነገር ግን ይህ ሁሉ በሰው ፊት ነው። ገዳዩ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል፣ ድንጋይ የሚሸከምበትም አገር አለ። በጠበቃ ቢሮ ተፈርሞ መጠኑ የሚደበቅ ገንዘብ ግን፣ ቤተሰቡን ቢጠቅምም፣ ዕዳውን ከፈለ ለማለት ይከብደኛል። ሚሊየነር ያልሆነ ሹፌር በምን ይከፍለዋል የሚለውን እንኳ ሳናነሳ።

ይቅርታስ? በ2012 ዲሴምበር የዳላስ ካውቦይስ ተጫዋች ጆሽ ብሬንት ጠጥቶ ሲነዳ መኪናው ተገለበጠና አብሮት የነበረው የቡድን ጓደኛው ጄሪ ብራውን ሞተ። ብሬንት በችሎት ጥፋተኛ ሲባል የሟቹ እናት ይቅር ማለታቸውን ቆመው መሰከሩለት። የተፈረደበት 180 ቀን እስርና የ10 ዓመት ገደብ ነው። እናትየውን የሚወቅስ አንደበት የለኝም። ይቅር ያሉት የራሳቸውን ነው፤ በዚያ ሌሊት በዚያው መንገድ በሌላ መኪና ያለፉት ሰዎች ግን ማንንም አልወከሉም።

በእነዚህ ችሎቶች ሁሉ የሚደጋገም አንድ መከራከሪያ አለ፤ «ሥራውን አጥቷል፣ ያ ራሱ ቅጣት ነው» የሚል። አልቀበለውም። የሊግ ማሊያ ሽልማት ነው፤ ሽልማት መቅረቱ መከራ ሊሆን ይችላል፣ ቅጣት ግን አይደለም። ቅጣት ከሆነማ ማሊያ ያልነበረው ሚኒባስ ነጂ ሁልጊዜ ከእሱ በላይ ይታሰራል ማለት ነው።

ከባድ ፍርድ ሌላውን ያስተምራል የሚለውም አያጠግበኝም። ሩግስ ገና ተማሪ ሳለ የቅርብ ጓደኛው በመኪና አደጋ ሞቶበታል፤ ነጥብ ባገባ ቁጥር ሦስት ጣቱን ወደ ላይ የሚያነሳው እሱን ለማሰብ ነበር። መኪና ምን እንደሚያደርግ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሹፌር የሚማረው ከራሱ የተወሰደ መንጃ ፈቃድና ከራሱ የታሰረባቸው ወራት ነው፤ ያም ሬሳ ሳይጠብቅ ሲመጣ።

ስለዚህ ፍርዴ ይኸው። የስታልዎርዝ 24 ቀን ለመንገዱ ዕዳ አይበቃም። የሩግስ 3 ዓመት ግን አልበዛበትም፤ ሬይንቦ ጎዳና ያን ሌሊት ከዳር እስከ ዳር ባዶ ሆኖ ቢያድር እንኳ፣ ጠጥቶ በ251 ኪሎ ሜትር ለነዳ ሰው 3 ዓመት አይበዛም ነበር።