ትቶ መሄድ ኀጢአት ነውን?

ባለፈው ክረምት መግቢያ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስንጓዝ የተሳፈርንበት መኪና ጎማው ተንፍሶ ማንኩሳ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ቆመን ነበር። የዚያው አገር ልጅ የሆነ አንድ ተማሪ ከአጠገባችን ተቀምጦ ሲያጫውተን ከቆየ በኋላ፣ «አባ፣ በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ የተደረገ ነገር ኀጢአት ይሆናል?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄውን ያቀረበልን በኑዛዜ አይደለም፤ ብንጽፈውም እንደማይከፋው ነግሮናል። በመጀመሪያ ፈገግ ማለታችንን አንሸሽግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሙ ከአዲስ አበባ ባመጣለት አሮጌ ኮምፒዩተር የሚጫወተው ጨዋታ «ፍሪስፔስ 2» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ሲሆን፣ ተጫዋቹ በጠፈር ላይ የአንዲት ተዋጊ መንኰራኵር አብራሪ ይሆናል። በመጨረሻው ግዳጅ ካፔላ የተባለችው ፀሐይ ልትፈነዳ ተቃርባለች፤ ሸሺዎችን የጫኑ መርከቦች ለማምለጥ ይጣደፋሉ፤ ጠላትም ያሳድዳቸዋል። አብራሪው እነርሱን ሲጠብቅ ይቆይና ጊዜው ሲያልቅ ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ወይ አምልጦ ነፍሱን ማትረፍ፣ ወይ የቀሩትን ሲከላከል አብሮ መጥፋት። ታሪኩ በሁለቱም መንገድ ይደመደማል። ልጁ አመለጠ። «ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለን።

«እውነት አይደለምና እርሳው» ማለት ይቀል ነበር፤ ነገር ግን ማንኩሳ ላይ ተቀምጦ ይህን ማለት ያሳፍራል። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ለማንኩሳው ልጅ ለበዛብህ ያላለቀሰ አንባቢ ጥቂት ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከውም ማንበብ የማይችለው ጭምር አልቅሶለታል። ያን ሁሉ አልቃሽ ሞኝ ያለው የለም። ያልነበረ ሰው እውነተኛ ኀዘን ሊያሳዝነን እንደሚችል እንግዲህ ይህ አገር ከማንም ይልቅ ያውቃል።

ይሁን እንጂ የልቦለድ አንባቢ ያዝናል እንጂ አይጸጸትም፤ በዛብህን ያልታደገው እርሱ አይደለምና። ተጫዋቹ ግን ቁልፉን በገዛ ጣቱ ተጭኗል። የተተዉት ሰዎች ከቶ አልነበሩም፤ ውሳኔው ግን ነበረ። ስለዚህም የልጁ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም፤ ሕሊና የሚመረምረው በቅድሚያ ፈቃድን ነውና። እንግዲህ የእርሱ ፈቃድ ምን ነበር? ሰዎቹ እንዲጠፉ ወደደን? አልወደደም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኵዊኖ ራስን ስለ መከላከል ሲያስተምር፣ አንድ ግብር ሁለት ውጤት ሊኖረው እንደሚችል፣ አንዱ የታሰበ፣ ሌላው ከአሳቢው ሐሳብ ውጭ የሆነ መሆኑን ያስረዳል። የሚመጣውን ክፉ አስቀድሞ ማየትና ያን ክፉ መፈለግ አንድ አይደሉም።

ከጠፈሩ እንውረድና በእኛው አየር መንገድ የደረሰውን እናስታውስ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣውን የበረራ ቁጥር 961 አውሮፕላን ሦስት ጠላፊዎች ይዘው ወደ አውስትራልያ እንዲበር አዘዙ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢነግራቸውም አልሰሙትም። እርሱም የአፍሪካን ጠረፍ እየተከተለ በረረ፤ በኋላም ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች አቀና፤ ነዳጁ ባለቀ ጊዜም ሞተሮቹ የጠፉበትን አውሮፕላን ከባሕሩ ዳርቻ አጠገብ ውሃ ላይ አወረደው። ከ175 ሰዎች 50ዎቹ ተረፉ፤ ጠላፊዎቹን ጨምሮ 125ቱ ሞቱ። ከሞቱትም መካከል የነፍስ ማዳኛውን ሰደርያ ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ነፍተው መውጣት ያቃታቸው ነበሩ። ሞቱን ያመጡት ጠላፊዎቹ ናቸው። ካፒቴኑ ግን በየደቂቃው መምረጥ ነበረበት፤ ሁሉን በእርግጥ የሚያድን ምርጫ ከፊቱ ሳይኖር። ስለ 125ቱ ሊከሰው የሚችል ማን ነው? «50 አድነሃልና ደስ ይበልህ» ሊለው የሚደፍርስ ማን ነው?

የምንለው ይህንን ነው፤ ጸጸት የበደለ ሰው ነው፤ ኀዘን ግን ያልበደለውንም ያገኘዋል። በኑዛዜ መንበር የምንቀመጥ ሁሉ ሁለቱ ሲደባለቁ እናያለን። ብር ወንዝ በክረምት ሲሞላ ከሁለት ልጆቿ መድረስ የቻለችውን ይዛ የተሻገረች እናት ብትኖር፣ እስከ ዕለተ ሞቷ «ገደልሁት» እያለች እንደምትናዘዝ አንጠራጠርም። ካህኑ አለመግደሏን ሊነግራት ይገባል፤ እንባዋን እንድታቆም ግን ሊያዝዛት አይገባም።

ልጁ በዚህ አልረካም። «ብቀር ይሻል ነበር?» አለ። ይህ ከፊተኛው ይከብዳል። ቅዱስ ማክሲሚልያን ኮልቤ እ.ኤ.አ. በ1941 በአውሽቪትዝ እስር ቤት፣ እንዲሞት በተመረጠ አንድ የልጆች አባት ፋንታ ራሱን ሰጥቶ ሞተ፤ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም እ.ኤ.አ. በ1982 ቅድስናውን አወጁ። ቤተ ክርስቲያን እርሱን ስታከብር በዚያ ሰልፍ ቆመው ዝም ያሉትን አልኰነነችም። እንዲህ ያለው ፍቅር ይሰጣል እንጂ በዕዳ አይጠየቅም። እርግጥ ነው፣ ጠባቂ ሆኖ የተሾመ ሰው ከተራው መንገደኛ ይልቅ ይጠየቃል፤ በወንጌል ምንደኛው እረኛ የተነቀፈው ተኵላ ሲመጣ በመሸሹ ነው። አብራሪውም ጠባቂ ነበርና እዚህ ላይ ለልጁ የሰጠነው መልስ እኛንም ሙሉ በሙሉ አላረካንም።

በነዚህ ጨዋታዎች የምንነቅፈው ከባድ ምርጫ ማቅረባቸውን አይደለም፤ ወጣቶቹ «ሴቭ» የሚሉትን፣ የደረሱበትን አስቀምጦ እንደ ገና ወደዚያው የመመለሱን ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው «ዊንግ ኮማንደር» ባልደረባ አብራሪ ከሞተ ሞተ ነው፤ ሥርዓተ ቀብሩም ይታያል፤ ግዳጁ ቢከሽፍ እንኳ ታሪኩ በሌላ መንገድ ይቀጥላል። ይህ የሚመሰገን ነው። ብዙ ተጫዋች ግን ተመልሶ ማንም ሳይሞት እስኪያሸንፍ ይደጋግመዋል። ጦርነት በወሬ ሳይሆን በደጃፉ ለደረሰበት ለዚህ አካባቢ ወጣት፣ የሞተውን እንዳልሞተ የማድረግ ልማድ ምን እንደሚያስተምረው እንጃ።

የልጁ ጥያቄ ስለ ጨዋታው ብቻ እንዳልነበረ ጠርጥረናል፤ አልጠየቅነውም። ተመልሶ እንደ ገና ተጫውቶት እንደሆነ ግን ጠየቅነው። እንዳልተጫወተው ነገረን። ምክንያቱን ስንጠይቀው ጥቂት ዝም ብሎ፣ «የቀሩት መርከቦች ሦስት ነበሩ፤ ደግሜ ብጫወተው ስንት እንደነበሩ እረሳለሁ ብዬ ፈራሁ» አለን። ጎማው ተቀይሮ ረዳቱ ይጣራ ስለ ነበር፣ ተሰናብተነው ተሳፈርን።