ከዋንጫዋ በፊት አፈሩን

ልጆቼ፣ በተለይ ስዊድን ያደጋችሁት፣ ዕረፍት ሲሰጣችሁ ወደ ኧላንድ ደሴት ጎራ በሉ። በደቡቡ በኩል ትልቁ አልቫር የሚሉት ሜዳ አለ፤ ሥሩ የኖራ ድንጋይ ነው፣ በብዙ ቦታ የለበሰው አፈር ጣት አያሰምጥም። እዚያ ቆሞ ማየት አይበቃም፣ ተንበርከኩ። ከትንንሽ ቅርፊቶች መሃል አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ብድግ ያለች ግራጫ ዋንጫ ታያላችሁ። ክላዶኒያ ናት፤ ሊከን። አገር ቤት ከዛፍና ከድንጋይ ላይ ሲያዩት ሽበት የሚሉት ወገን ነው። ተክል ትመስላለች እንጂ ፈንገስና አልጌ አብረው የመሠረቱት ጎጆ ናት። ሲሞን ሽቬንደነር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ይህን በ1860ዎቹ መጨረሻ ሲናገር የዘመኑ የሊከን አዋቂዎች አፊዘውበታል።

ስሟን ለመጥራት አትቸኩሉ። እኔ ዋንጫ ያየሁበትን ሁሉ የዕፅዋት ሊቁ ሊኔየስ በ1753 ባወጣው ስም ፒክሲዳታ እያልኩ ስንት ዘመን ተሳሳትኩ! ቀለሟንም አትመኑ፤ ደርቃ ግራጫ፣ ዝናብ ሲነካት አረንጓዴ ናት። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያዙና የዋንጫዋን ውስጥ እዩ። እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ካለበት ፊምብሪያታ ልትሆን ትችላለች። እንደ ቅንጬ የሻከረ ከሆነ ግን ፒክሲዳታ ወይም ፖሲሉም ልትሆን ትችላለች፤ ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ዋንጫዋን ተዉና አፈሩን ጠይቁ። ከአጠገቧ ጠጠር አንሥታችሁ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለው። ፖሲሉም ኖራ ትወዳለች፤ ቅርፊቶቿም ተያይዘው መሬቱ ላይ እንደ ጽጌረዳ ይነጠፋሉ። የፒክሲዳታ ቅርፊቶች ግን የተበታተኑና ጫፋቸው ቀና ያለ ናቸው። ደግሞ ዘረ-መላቸውን የመረመሩ ሰዎች ሁለቱ አንድ ዝርያ ናቸው እስከ ማለት ደርሰዋል። እውነት ከሆነ የለያያቸው አፈሩ ነው ማለት ነው፤ እኔ ወደዚህ አደላለሁ።

ዋንጫነቷ ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። የዝናብ ጠብታ ሲወድቅባት ፍርፋሪዋን አስፈንጥሮ ይዘራላታል።

ስትደርቅ በእግር ብትረገጥ ትደቅቃለች፣ እድገቷም በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ድንጋይ ድንጋዩን ርገጡ። ጥብቅ ቦታ ከሆነ ፎቶ ይበቃችኋል። መውሰድ የሚፈቀድ ከሆነ የጥፍር ያህል ብቻ፣ በወረቀት ፖስታ። ፌስታል ውስጥ ከትቼ ሻግቶብኛል። ከፖስታው ላይ የስሙን ቦታ ባዶ ተዉት፤ ቀኑን፣ አፈሩንና ኮምጣጤው ያደረገውን ግን እዚያው ተንበርክካችሁ ሳለ ጻፉ።