ለ9ኛ ክፍሉ ልጅ

ልጄ፣ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገብተሃል። ስምንት ዓመት አብረውህ የተማሩት ልጆች በየሴክሽኑ ተበታትነዋል። አጠገብህ የተቀመጠውን ልጅ አታውቀውም። መስከረም ላይ የተገዛልህ የዩኒፎርም ሱሪ ጥር ሲደርስ እጥፉ ተፈትቶም አልበቃህም። አንድ ቀን መልስ ስትመልስ ድምፅህ መሀል ላይ ተሰበረ፣ ክፍሉ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲህ እጅህን ማውጣት ትተሃል።

መጀመሪያ ስለ ሰውነትህ ልንገርህ፤ ያሳፈረህ ነገር ምን እንደሆነ ስታውቀው ይቀልሃል። ወንድ ልጅ በፍጥነት የሚያድገው አብዛኛውን ጊዜ 13 ወይም 14 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ በዚያ አንድ ዓመት ብቻ ቁመቱ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊጨምር ይችላል። ከዚያ የሚዘገይም ብዙ ጤነኛ ልጅ አለ። ዕድገቱ ደግሞ እኩል አይሄድም፤ እጅና እግር ቀድመው ይረዝማሉ፣ ደረትና ትከሻ ዘግይተው ይከተላሉ። ከዴስክ የሚያጋጭህ፣ ብርጭቆ የሚያስደፋህ ይኸው ነው፤ አእምሮህ አዲሱን የክንድህን ርዝመት ገና እየለመደው ነው። ሴቶቹ ሁለት ዓመት ያህል ቀድመው ስለሚጀምሩ 7ኛ ክፍል ሳለህ በቁመት በልጠውህ ነበር። ድምፅህ የሚሰበረውም ማንቁርትህ ሲሰፋ የድምፅ አውታሮችህ ስለሚረዝሙና ስለሚወፍሩ ነው። ቆይቶ ይረጋጋል። እስኪረጋጋ ብለህ ግን ዝም አትበል፤ ዝምታ ከለመድክ፣ ድምፅህ ከጎረነነም በኋላ እጅ ማውጣቱ ይከብድሃል።

ሰውነትህ በራሱ ጊዜ ይስተካከላል። በትምህርት ቤት ቦታ ማግኘት ግን ጊዜ ብቻውን የሚያመጣው ነገር ስላልሆነ ዋናው ምክሬ እዚህ ላይ ነው፦ ቦታህን በሥራ ፈልገው። በእረፍት ሰዓት የታወቁትን ልጆች ከኋላ ከኋላ እየተከተልክ፣ ባልገባህ ቀልድ እየሳቅህ፣ በማትወደው ቅጽል ስም «አቤት» እያልክ የምታገኘው ቦታ የአንተ አይሆንም። የሚጠይቅህ ዋጋም እየጨመረ ይሄዳል። ዛሬ ክላስ እንፎርፍ ይሉሃል፤ ነገ ጫት ቅመስ ይሉሃል።

በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ሚኒ ሚዲያ አለ፤ የቀይ መስቀል ክበብ አለ፤ ቤተ መጻሕፍት አለ። ሁሉም ማይክ መያዝ ይፈልጋል። ሞንታርቦውን ከስቶር ተሸክሞ የሚያወጣ፣ ገመዱን የሚቀጥል፣ ሰልፉ ሲበተን መልሶ የሚያስገባ ልጅ ግን በፍለጋ ነው የሚገኘው። ያንን ልጅ ሁን። ዓይን አፋር ሰው ባዶ እጁን ሰው ፊት ሲቆም የሚለው ይጠፋዋል፤ እጁ ሥራ ከያዘ ወሬው ራሱ ይመጣል። «ይሄኛው የት ነው የሚሰካው?» ብሎ አንዱ ይጠይቅሃል፣ ታሳየዋለህ፤ በማግስቱ በስምህ ይጠራሃል። ጓደኝነት ከዚህም ባነሰ ነገር ሲጀመር አይቻለሁ።

«እኔ ብቻዬን መሆን ነው የምወደው» የምትል ከሆነም አልከለክልህም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት መጻፍ የጀመረው አምቦ ተማሪ ሳለ ነው። ተውኔት በብቸኝነት ይጻፋል፤ መድረክ ላይ ለማቆም ግን የሚተውን፣ መጋረጃ የሚይዝ፣ አልባሳት የሚያዘጋጅ ሰው መጥራት ግድ ነው። የምትወደውን ሥራ አጥብቀህ ያዝ እንጂ፣ ሰዎቹን እሱ ራሱ ያመጣቸዋል።

አንድ ነገር ግን ለይተህ እወቅ። ሳቅና ቅጽል ስም ሌላ፣ በር ላይ ጠብቆ መምታትና የታክሲ ገንዘብ መቀማት ሌላ። ሁለተኛውን ቻለው የሚልህን ሰው አትስማ። መናገር ማሳበቅ አይደለም። የሆነበትን ቀንና ቦታ ጽፈህ ያዝ፤ ለክፍል ኃላፊህ ወይም ለዩኒት ሊደሩ ንገር፤ ቤትም ንገር። መጀመሪያ የነገርከው ሰው ቸል ካለህ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሂድ፤ ብቻህን መሄድ ከከበደህ አባትህን ወይም ታላቅ እህትህን ይዘህ ሂድ።