ስድሳው ሳንቲም የማን ነው?

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ የሌላ ሰው ጥፋት ቢሆን ኖሮ ብዕሬ ይፈጥን ነበር። ጥፋቱ ግን የራሴ ነው። ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ከስኳሩና ከሳሙናው ጎን ሲጋራ በፍሬ እሸጥ ነበር። ዑለማእ ስለ ማጨስ የሚሉትን አልሰማሁም አልልም፤ «እኔ አላጨስም፣ የሚገዛኝም ሕፃን አይደለም» እያልኩ ራሴን አታልል ነበር እንጂ።

በ2012 ዓ.ም. አዲሱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወጣ። ቀድሞ በሲጋራ ላይ የሚጣለው ታክስ የማምረቻ ወጪው 75 በመቶ ነበር። አዲሱ አዋጅ የፋብሪካ ዋጋውን 30 በመቶ፣ በላዩም ላይ ባለ 20 ፍሬው ፓኮ 8 ብር እንዲከፈልበት ደነገገ። 8 ብር ለ20 ሲካፈል በፍሬ 40 ሳንቲም ነው። በዛሬ ጊዜ 40 ሳንቲም ቆጥሮ የሚቀበል ባለሱቅ የት አለ? እኔም እንደ ጎረቤቶቼ በፍሬ አንድ ብር ጨመርኩ። ሌላውን ትተን በዚህች 8 ብር ብቻ ብናሰላ፣ ከአንድ ፓኮ መንግሥት 8 ብር ሲያገኝ እኔ 12 ብር አገኘሁ ማለት ነው። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልጠየቀኝም።

የጠየቁኝ አንድ አዛውንት ሸማኔ ናቸው። በየቀኑ አምስት ፍሬ ይገዙኛል። «ልጄ፣ መንግሥትስ እንድተወው ብሎ ነው አሉ። አንተስ ምን ብለህ ነው?» አሉኝ። «ዋጋው ጨመረ እኮ አባባ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ ነገሩን ማጠያየቅ ጀመርኩ። ከእኛ ሠፈር ቁልቁል፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ፓስተር በሚለው ቦታ፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ ባካሄደው ጥናት ከአዋቂዎች 5 በመቶ ያህሉ የትምባሆ ተጠቃሚ ሆነው ተገኝተዋል። ከወንዶቹ ደግሞ 8 በመቶ ገደማ። (ጫትን ያላነሳሁት ረስቼው አይደለም፤ እሱ የራሱ ገጽ ያስፈልገዋል።) የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በበኩላቸው በብዙ አገሮች ባደረጉት ጥናት፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆነ አገሮች የሲጋራ ዋጋ 10 በመቶ ሲጨምር የሚጨሰው መጠን በአማካይ 5 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ይናገራሉ። ቶሎ የሚተወውም ወጣቱና ኪሱ የሳሳው ነው። ኮንትሮባንዱስ? ለሚለው፣ ከየመንገዱ ባዶ ፓኮ ሰብስበው ምልክቱን እያዩ የትኛው ቀረጥ እንደተከፈለበት፣ የትኛው እንዳልተከፈለበት ይለያሉ። የመንገድ ቆሻሻ ለቅሞ እውነት መፈለግ እኔን ደስ ብሎኛል።

ሆኖም ሂሳቡን ልብ ብላችሁ እዩት። ዋጋው በ10 ሲጨምር ፍጆታው በ5 ብቻ ከቀነሰ፣ ግምጃ ቤቱም ያተርፋል። የተወውም በጤናውና በገንዘቡ ያተርፋል። ታዲያ የሚከስረው ማነው? መተው ያቃተው ነው። ተመራማሪው «በአማካይ» ሲል የኔ ሸማኔ በዚያ አማካይ ውስጥ የሉም፤ እሳቸው ከቀነሰው 5 ሳይሆን ከቀረው 95 ውስጥ ናቸው።

የመንግሥት ነገር ደግሞ ረጅም ታሪክ አለው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ የሚያጨሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን ያስቆርጡ እንደነበር ይነገራል። ጣሊያን ተባሮ በወጣ ማግስት ግን የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ትምባሆን በሞኖፖል ይዞ ራሱ ነጋዴ ሆነ። ከንፈር ቆራጩ ከንፈር ላይ ሻጭ ሆነ እንበል? የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ በ2008 ዓ.ም. ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2010 ዓ.ም. ጨምሮ ድርሻውን ከ70 በመቶ በላይ አደረሰው። ይህ የሆነው አገራችን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነቱን በ2006 ዓ.ም. ካጸደቀች በኋላ ነው። በአንድ እጅ መሸጥ፣ በሌላው እጅ መከልከል።

ስለዚህ ታክሱ ይነሳ እያልኩ ነው? በፍጹም አይደለም። ዋጋው ባይጨምር ኖሮ የሚጀምሩት ልጆች ስንት በሆኑ! እኔ የምለው ሌላ ነው። መተው ካቃተው ሰው የተወሰደ ገንዘብ የግምጃ ቤቱ ትርፍ ሳይሆን የዚያ ሰው አማና ነው። ለመተው መርጃ፣ ሳንባው ሲታመም መታከሚያ ሆኖ ካልተመለሰለት፣ ታክሱ ምክር መሆኑ ቀርቶ ንግድ ይሆናል። ሁለተኛው የኒያ መፈተኛ ይህ ነው። ቁርጥ ያለ 8 ብር በየጊዜው ካልተከለሰ ይሟሟል። አዋጁ ሲወጣ አንድ ዶላር 32 ብር ገደማ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ከ100 አልፏል። ያጫሹን መተው የሚፈልግ መንግሥት ያችን ቁጥር ከኑሮ ውድነቱ ጋር ያስኬዳታል። መጠኗ ስትሟሟ እያየ ዝም የሚል ግን ገቢውን መውደድ ጀምሯል፣ ልክ እንደ እኔ።

የኔስ 60 ሳንቲም? 40ው አማና ነው ካልን፣ 60ው ስም እንኳ የለውም። ሲጋራ መሸጡን አቆምኩ። ቁጭ ብዬም አሰላሁ። በቀን አምስት ፍሬ፣ በቀን ሦስት ብር፣ በዓመት ከ1,000 ብር በላይ። ብሩን በፖስታ አድርጌ ሽማግሌው ዘንድ ሄድኩና ምክንያቱን ነገርኳቸው። ቆጠሩት፣ ሳቁም። «እንግዲያው በዚሁ ሲጋራ ስጠኛ» አሉኝ። እንደማልሸጥ ስነግራቸው ፖስታውን ኪሳቸው ከትተው መንገዱን ተሻገሩ፤ ወደ ጎረቤቴ ሱቅ።