ተዋናይና ግብዝ

ለፋሲካ ድራማ ሲዘጋጅ ይሁዳን ሆኖ የሚጫወት ወጣት በቀላሉ አይገኝም። «ያልሆንኩትን ሆኜ መታየት ውሸት አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄም አብሮ ይነሣል።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እና 23 «ግብዞች» ብሎ የገሠጻቸው ሰዎች በግሪኩ የተጠሩበት ቃል «ሂፖክሪቴስ» ነው። ቃሉ በዚያ ዘመን የመድረክ ተዋናይ መጠሪያም ነበር። ታዲያ ተዋናይ ሁሉ ግብዝ ነውን?

ወጋየሁ ንጋቱን እናስብ። ይህ ታላቅ ተዋናይ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በራዲዮ ሲተርክ፣ አንዴ ትዕቢተኛውን ፊታውራሪ መሸሻን፣ አንዴ እውነት በመናገሩ እንደ እብድ የተቆጠረውን ጉዱ ካሣን፣ አንዴ ደግሞ ሰብለ ወንጌልን ይሆናል። ይህን ትረካ ሰምቶ «ተታለልኩ» የሚል የለም። አድማጩ ትረካ መሆኑን ያውቃል፤ ሆኖም በፊታውራሪው ትዕቢት ውስጥ የራሱን ትዕቢት ሊያይ ይችላል። ነቢዩ ሕዝቅኤልም ኢየሩሳሌምን በጡብ ላይ ሥሎ ከበባዋን በሕዝቡ ፊት ያሳየው በእግዚአብሔር ትእዛዝ ነበር (ሕዝ. 4)።

እንግሊዛዊው የመድረክና የፊልም ተዋናይ ዴቪድ ሱሼ እ.ኤ.አ. በ1985 በሼክስፒር «ኦቴሎ» ላይ ኢያጎን ሆኖ ተጫውቷል። ኢያጎ ሁሉም ታማኝ የሚለው፣ በስውር ግን አለቃውን የሚያጠፋ ሰው ነው። በቀጣዩ ዓመት ሱሼ በአንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ ከሮሜ መልእክት አንብቦ ወደ እምነት መጣ። ትወናን ግን አልተወም። መርማሪው ፖዋሮን ሆኖ ለብዙ ዓመታት በቴሌቪዥን ታየ፤ በኋላም መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ በድምፁ አንብቦ ቀረጸ።

በዚያ መድረክ ላይ ግብዙ ማን ነው? ኢያጎ እንጂ ሱሼ አይደለም። ኢያጎ ማንነቱን ሸሽጎ ያታልላል። ተዋናዩ ግን የግብዝን አሠራር በአደባባይ ገልጦ ያሳየናል፤ ትያትሩ ሲያልቅም እጅ ነሥቶ ልብሱን ይለውጣል።

እኛን የሚያሰጋን መጋረጃ የሌለው ትወና ነው። ሰው ሲያየን ድምፃችን የሚለወጥበት ጸሎት፣ ለጉባኤ ተብሎ የሚፈስ እንባ፣ ልብ የሌለበት «ሃሌ ሉያ» ማብቂያ የለውም፤ ልብሱም አይወልቅም። በከሚሴ ብዙዎቹ ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው፤ ወደ አዳራሻችን ገብተው ዝማሬያችንን አይሰሙም። የሚያውቁን በሱቅ ሚዛናችን፣ በባጃጅ ላይ በምንመልሰው ሳንቲም፣ በባቲ የሰኞ ገበያ በምንሰጠው ቃል ነው። እሑድ ሌላ፣ ሰኞ ሌላ ሰው ከሆንን፣ ጌታ የገሠጸው ያንኑ ነው።

መድኃኒቱንም እዚያው ምዕራፍ 6 ላይ ሰጥቶናል፤ ወደ እልፍኝ ገብቶ በር ዘግቶ መጸለይ። ከአብ በቀር ተመልካች በሌለበት ክፍል ለማን እንተውናለን?