ተባባሪው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካ ውስጥ ዩጂን ጋርፊልድ የትኛው ጥናት የትኛውን እንደጠቀሰ የሚያሳይ የሳይንስ ማውጫ አሳተመ። በዚያው ዓመት ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ወደሚያጥቡበት ወንዝ ወረዱ። ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈዋል፤ ከፍ ብሎ ግን በሕይወት አሉ። ብልሃርዚያ የተባለው በሽታ የሚተላለፈው በነዚህ ቀንድ አውጣዎች በኩል ስለሆነ፣ ያ እይታ የብዙ ዓመት ምርምር ከፈተ። አክሊሉና ባልደረባቸው ለገሰ ወልደዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ።

የጋርፊልድ ማውጫ የታሰበው ተመራማሪው የሚፈልገውን ጽሑፍ እንዲያገኝ ነበር። የሰው መመዘኛ የሆነው ኋላ ነው። በ2005 የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ኤች-ኢንዴክስን አመጣ፦ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያሉት ሰው ኢንዴክሱ 20 ነው። የአንድ ሰው የሥራ ዘመን በአንድ ቁጥር ተጠቀለለ።

ይሁንና መጥቀስ ማለት ዕዳን ማመን ነው፤ «ይህን ያገኘሁት ከእገሌ ነው» ማለት። ቆጠራው ግን የምር ባለዕዳውን፣ ሊነቅፍ የጠቀሰውንና ለወግ ያህል ስም የደረደረውን አይለይም። ትብብርም እንዲሁ ነው። በ2015 የሂግስ ቅንጣት ክብደት የተለካበት ጽሑፍ 5,154 ደራሲዎች አሉት፤ ሁሉም እርስ በርስ ተባባሪ ተብለው ይቆጠራሉ። እንዶድን ቀጥቅጠው፣ አረፋውን አውጥተው ሲያጥቡበት የኖሩት የአድዋ ሴቶች ግን በየትኛውም የትብብር ሠንጠረዥ ውስጥ የሉም። ያለ እነሱ አጠባ የሚታይ ነገር አልነበረም። እኔ ተባባሪ የምለው እነሱን ነው።

ቁጥር ግን ባዶ ነው አልልም። ዕድገት በዝምድናና በትውውቅ በሚሰጥበት ቦታ፣ ወገን ለሌለው ወጣት መምህር የጥቅሱ ብዛት መከላከያው ነው። ይህን ጥቅም ማቃለል ግፍ ይሆናል። ችግሩ ቁጥሩም አድልዎ የማያጣው መሆኑ ነው፦ እየተመካከሩ የሚጠቃቀሱ ከፍ ይላሉ፤ በአገር ቋንቋ የጻፈ ብዙውን ጊዜ አይመዘገብም። የኛ ሰው ስም ደግሞ አንዴ በራሱ፣ አንዴ በአባቱ እየተመዘገበ፣ የላቲን አጻጻፉም ከጆርናል ጆርናል እየተለያየ፣ የአንዱ ሰው ሥራ ለሁለት ለሦስት ይከፈላል።

ስለዚህ በየዩኒቨርሲቲው የዕድገት ኮሚቴ ላይ ለምትቀመጡ መምህራን የምለምነው ይህን ነው፦ ኢንዴክሱን ከማየታችሁ በፊት ከአመልካቹ ጽሑፎች ሁለቱን ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። ከዚያም አመልካቹን ጠርታችሁ ዕውቀቱን ከማን እንዳገኘ፣ ስማቸው ያልተጻፈ እነማን እንደነበሩ ጠይቁት፤ መልሱንም በቃለ ጉባኤው ላይ አስፍሩት።